መድኃኒት ከመድኃኒት እንዳይጣላ፦ ለደባርቅ፣ ለዳባትና ለስሜን ግርጌ ቤተሰቦች የተዘጋጀ መመሪያ

አንድ መድኃኒት ከሌላ መድኃኒት፣ ከምግብ፣ ከመጠጥ ወይም ከባህል መድኃኒት ጋር በአንድ ሰው አካል ውስጥ ሲገናኝ ኃይሉ ሊጨምር፣ ሊቀንስ ወይም ከፈውስነት ወደ ጉዳት ሊለወጥ ይችላል፤ ይህም በሕክምና ቋንቋ የመድኃኒት መስተጋብር ሲባል፣ በዕለት ተዕለት ንግግር ደግሞ መድኃኒቶቹ «ተጣሉ» ወይም «አይስማሙም» ይባላል። መጣላቱ በዋናነት በሦስት ስፍራዎች ይከሰታል። አንደኛው ሆድ ሲሆን፣ በዚያ እንደ ብረት ማዕድንና የጨጓራ ማስታገሻ ያሉ ነገሮች ሌላውን መድኃኒት አጣብቀው ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጉታል። ሁለተኛው ጉበት ነው፤ ጉበት መድኃኒትን ሰባብረው የሚያስወግዱ ኢንዛይም የተባሉ ንጥረ ነገሮች ስላሉት፣ አንዳንዱ መድኃኒት እነዚህን አብዝቶ የሌላውን መድኃኒት ዕድሜ ያሳጥራል፣ አንዳንዱ ደግሞ አዳክሟቸው ሌላው በደም ውስጥ እንዲከማች ያደርጋል። ሦስተኛው መድኃኒቶቹ አብረው የሚጫኑት አካል ነው፤ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው የማይጎዱት ኩላሊት ወይም ልብ የሁለቱን ጫና በአንድ ጊዜ ሲሸከም ሊታወክ ይችላል።

በደባርቅና በዳባት አካባቢ ይህ ጉዳይ የተለየ ክብደት አለው። የአንድ ቤተሰብ መድኃኒት የሚመጣው ከአንድ እጅ አይደለም፦ የደም ግፊቱ ከደባርቅ ሆስፒታል፣ የእርግዝናው አይረን ከጤና ኬላ፣ የልቡ ጎንደር ካለው ሪፈራል ሆስፒታል፣ የጉልበት ሕመሙ በገበያ ቀን ከመድኃኒት መደብር፣ የወባው ደግሞ ለሰሊጥ አጨዳ መተማና ሁመራ ወርዶ ከተመለሰ ልጅ ሻንጣ ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱ ባለሙያ የሚያየው ራሱ ያዘዘውን ብቻ ሲሆን፣ መድኃኒቶቹ ሁሉ የሚገናኙበት ብቸኛ ስፍራ የታካሚው ቤት፣ ብዙ ጊዜም በግድግዳ ላይ የተሰቀለ አንድ ፌስታል ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በዳባት ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ የሕዝቡን ልደት፣ ሞትና ፍልሰት ቤት ለቤት እየተከታተለ ሲመዘግብ የኖረው የጤና እውነተኛ መልክ የሚታየው ከቤት ሲጀመር ስለሆነ ነው፤ ስለዚህ ይህ መመሪያም ከቤት ይነሣል።

ደረጃ 1፦ በቤት ያለውን ሁሉ በአንድ ላይ ማውጣት

የመጀመሪያው ሥራ በቤት ውስጥ ያለውን መድኃኒት ሁሉ አንድም ሳይቀር አውጥቶ በአንድ መደብ ወይም ጠረጴዛ ላይ መዘርጋት ነው። «መድኃኒት» ሲባል እንክብል ብቻ አይደለም፤ ሽሮፕ፣ መርፌ፣ የዓይን ጠብታ፣ ቅባት፣ በክንድ የተቀበረ የወሊድ መከላከያ፣ የእርግዝና አይረን፣ ቫይታሚን፣ ከጎረቤት የተወሰደ ማስታገሻ፣ እንዲሁም ኮሶን የመሰለ የባህል መድኃኒት ሁሉ ይቆጠራል። ቀጥሎም አሁን የሚወሰደው፣ አልፎ አልፎ የሚወሰደውና የተተወው በሦስት ይለያል። የአገልግሎት ጊዜው ያለፈበት፣ ስሙ የማይነበብ ወይም ከሌላ ሰው የተረፈ መድኃኒት ተመልሶ ወደ ፌስታሉ መግባት የለበትም፤ ወደ ጤና ተቋሙ ተወስዶ እንዲወገድ መደረግ ይኖርበታል።

ደረጃ 2፦ ስሙን ለይቶ መመዝገብ

አንድ መድኃኒት ሁለት ስም አለው፦ አንዱ በዓለም ሁሉ የሚታወቅበት መሠረታዊ ስሙ ሲሆን፣ ሌላው አምራቹ ድርጅት ያወጣለት የንግድ ስም ነው። ይህን አለመለየት አንዱን መድኃኒት ሁለት ጊዜ ወደመውሰድ ያደርሳል፤ ለምሳሌ ቮልታረንና ዲክሎፌናክ፣ እንዲሁም ፓናዶልና ፓራሲታሞል በስም ሁለት ቢሆኑም በሥራ አንድ ናቸው፤ ፓራሲታሞል በብዙ የጉንፋን መድኃኒቶች ውስጥም ተደባልቆ ይገኛል። ለአዋቂ ሰው የፓራሲታሞል ከፍተኛው መጠን በቀን 4 ግራም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊ ግራሙ 8 ፍሬ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ጉበትን ይጎዳል፤ ዘወትር አልኮል የሚጠጣ ወይም ጉበቱ የታመመ ሰው ግን ይህን ያህል እንኳ መውሰድ ስለማይገባው መጠኑን ባለሙያ ሊወስንለት ይገባል።

መዝገቡ አንድ የደብተር ወረቀት ሊሆን ይችላል፤ በቤቱ ፊደል የቆጠረ ልጅ ካለ ይጽፈዋል። በየመስመሩ የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑ በሚሊ ግራም፣ የሚወሰድበት ሰዓት፣ የታዘዘበት ሕመምና ያዘዘው ተቋም ይሰፍራሉ፤ በወረቀቱ ራስ ላይ ደግሞ እርግዝና፣ ጡት ማጥባት፣ የኩላሊት ወይም የጉበት ሕመም፣ የሚጥል በሽታና ከዚህ ቀደም ሰውነትን ያስቆጣ መድኃኒት ካለ ይጻፋል። መድኃኒት በወረቀት ፖስታ ተቆጥሮ ሲሰጥ ስሙ በፖስታው ላይ እንዲጻፍ መጠየቅ የታካሚው መብት ነው።

ደረጃ 3፦ ሌሎችን የሚገዙ መድኃኒቶችን ማወቅ

ከብዙዎቹ መድኃኒቶች መካከል ጥቂቶቹ አጠገባቸው ያለውን ሁሉ የሚነኩ ስለሆኑ፣ ከመዝገቡ ላይ በቀይ ቢሠመርባቸው ይጠቅማል። ቀዳሚው ሽንትን ቀይ የሚያደርገው የቲቢ መድኃኒት፣ ሪፋምፒሲን ነው። ሪፋምፒሲን የጉበትን ኢንዛይሞች አብዝቶ የሌሎችን መድኃኒቶች ኃይል ይቀንሳል፤ በዚህም ምክንያት የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሆነውን ዶሉቴግራቪር የሚወስድ ሰው ቲቢ ሲታከም፣ በቀን አንድ ጊዜ ይወስደው የነበረው 50 ሚሊ ግራም በየ12 ሰዓቱ ሁለት ጊዜ እንዲሆን ይደረጋል፤ ይህም ሪፋምፒሲን ካበቃ በኋላ ለ2 ሳምንት ይቀጥላል፤ የኢንዛይሞቹ ብዛት ወደ ቀድሞው ለመመለስ ጊዜ ይወስዳልና። በተመሳሳይ ምክንያት የወሊድ መከላከያ እንክብልና በክንድ የሚቀበረው መከላከያ ከሪፋምፒሲን ጋር አስተማማኝ አይደሉም፤ የ3 ወሩ መርፌ ግን ሥራውን ስለማያጣ፣ ቲቢ የምትታከም ሴት ስለዚህ አስቀድማ ከባለሙያ ጋር መመካከር ይገባታል።

የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች የሆኑት ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን እንደ ሪፋምፒሲን ኢንዛይም ያበዛሉ፤ ስለዚህ ለወሊድ መከላከያውና ለኤች አይ ቪ መድኃኒቱ የተነገረው ጥንቃቄ ለእነዚህም ይሠራል። የቲቢ መድኃኒት የሆነው አይሶኒያዚድ በተቃራኒው ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን በደም ውስጥ እንዲከማቹ ስለሚያደርግ፣ ታካሚው ሲራመድ የሚንገዳገድ፣ ከልክ በላይ የሚያንቀላፋ ወይም አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ የሚታየው ከሆነ ሳይውል ሳያድር መታየት አለበት።

ሦስተኛው የልብ በር ለታመመባቸው ሰዎች የሚሰጠው ደም ማቅጠኛ፣ ዋርፋሪን ነው። የዋርፋሪን ታሪክ ለከብት አርቢ እንግዳ አይሆንም፦ በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. በሰሜን አሜሪካ የሻገተ ድርቆሽ የበሉ ከብቶች ደማቸው አልረጋ ብሎ ሲያልቁ ምክንያቱ ተመረመረ፤ ከድርቆሹ የተገኘው ንጥረ ነገርም ለዚህ መድኃኒት መነሻ ሆነ። ሜትሮኒዳዞል፣ ኮትሪሞክሳዞልና ፍሉኮናዞል የዋርፋሪንን ኃይል ከፍ አድርገው ደም መፍሰስን ያስከትላሉ፤ አስፕሪን፣ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ደግሞ ጨጓራን በማቁሰል አደጋውን ያብሳሉ፤ ሪፋምፒሲን ግን ኃይሉን ስለሚቀንስበት ደም በልብ ውስጥ ሊረጋ ይችላል። ስለዚህ ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ማንኛውም አዲስ መድኃኒት በተጨመረለት ወይም በተቀነሰለት ቁጥር አይ ኤን አር የተባለውን የደም መርጋት ምርመራ ቶሎ እንዲደገምለት ማድረግ ግዴታው ነው።

ደረጃ 4፦ ለሕመም ማስታገሻ የተለየ ጥንቃቄ ማድረግ

ከሁሉ ይልቅ በቀላሉ የሚገዛውና ጉዳቱ የማይጠረጠረው የሕመም ማስታገሻ ስለሆነ፣ ነገሩን በአንድ ምሳሌ ቀረብ ብሎ መመልከት ይጠቅማል። ለደም ግፊት ኢናላፕሪልና የሚያሸናውን ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚወስዱ አንዲት እናት ጉልበታቸውን ሲያማቸው ዲክሎፌናክ ገዝተው በቀን ሁለት ጊዜ ቢወስዱ፣ ሦስቱ መድኃኒቶች በኩላሊት ላይ ይገናኛሉ። ኩላሊት ደምን የሚያጣራው በግፊት ሲሆን፣ አሠራሩ በመስኖ ቦይ ሊመሰል ይችላል፦ ዲክሎፌናክ የቦዩን መግቢያ ያጠባል፣ ኢናላፕሪል መውጫውን ያሰፋል፣ የሚያሸናው መድኃኒት ደግሞ የሚመጣውን ውሃ ይቀንሳል። አንዱ ብቻ ቢሆን ቦዩ ይችለው ነበር፤ ሦስቱ በአንድ ላይ ሲሆኑ ግን ግፊቱ ስለሚጠፋ ኩላሊቱ ማጣራቱን ሊያቆም ይችላል። በዚህ ላይ ተቅማጥ ወይም ትውከት ከተጨመረ ጉዳቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይደርሳል፤ የእኒህ እናት የመጀመሪያ ምልክቶችም የሽንት መቀነስ፣ የእግር ማበጥና ድካም ይሆናሉ።

ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የደም ግፊት መድኃኒትን ኃይል ይቀንሳሉ፤ በብዙዎቹ የኤች አይ ቪ መድኃኒቶች ውስጥ ከሚገኘው ቴኖፎቪር ጋር ሲወሰዱም ኩላሊትን ይጎዳሉ፤ ከዴክሳሜታዞንና ከፕሬድኒሶሎን ጋር ደግሞ ጨጓራን ያደማሉ። ከእነዚህ አንዱን የሚወስድ ሰው ሕመም ሲሰማው ለብዙዎች የተሻለው ምርጫ በተገቢው መጠን የሚወሰድ ፓራሲታሞል ነው። ኢናላፕሪል የሚወስድ ሰው ከዚህም ሌላ ስፓይሮኖላክቶን ወይም ኮትሪሞክሳዞል ሲጨመርለት በደሙ ውስጥ ያለው የፖታሲየም መጠን ከፍ ብሎ የልቡን ምት ሊያውክ ስለሚችል፣ የደም ምርመራ ሊደረግለት ይገባል።

ደረጃ 5፦ የማይስማሙትን በሰዓት መለየት

በሆድ ውስጥ የሚጣሉ መድኃኒቶች መፍትሔያቸው ማራራቅ ስለሆነ፣ ብዙ ጊዜ አንዱንም መተው አያስፈልግም። ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚወስድ ሰው አይረን፣ ካልሲየም ወይም አልሙኒየምና ማግኒዚየም ያለበት የጨጓራ ማስታገሻ የሚወስድ ከሆነ፣ ሲፕሮፍሎክሳሲኑ ከእነዚህ 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ዘግይቶ መወሰድ አለበት፤ በወተት ወይም በእርጎ ማወራረድም አይገባም። ዶክሲሳይክሊንም ከአይረንና ከጨጓራ ማስታገሻ በሰዓታት ልዩነት ይወሰዳል። ለዶሉቴግራቪርም እንዲሁ 2 ሰዓት መቅደም ወይም 6 ሰዓት መዘግየት ያስፈልጋል፤ አይረንና ካልሲየም ብቻ ከሆኑ ግን ከምግብ ጋር አብረው ሊወሰዱ ይችላሉ።

ለምሳሌ ነፍሰ ጡር የሆነችና የኤች አይ ቪ መድኃኒት የምትወስድ ሴት መድኃኒቷን ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ አይረኗን ደግሞ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ብታደርግ ሁለቱ አይገናኙም። የቡና ሰዓት ግን ከአይረኑ መራቅ አለበት፤ ቡናና ሻይ ብረት ወደ ደም እንዳይገባ የሚያግዱ ንጥረ ነገሮች ስላሏቸው፣ ቡናው ቢያንስ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት መዘግየት ይኖርበታል። በጠዋት ቡና በሚፈላበት ቤት ይህ ትንሽ ማስተካከያ ለእናትና ለፅንስ ደም ትልቅ ጥቅም አለው።

ደረጃ 6፦ ጾምን፣ መጠጥንና የባህል መድኃኒትን በመዝገቡ ማስገባት

የጾም ወቅት የምግብን ዓይነትና ሰዓት ስለሚለውጥ የመድኃኒትንም ሥራ ይለውጣል። ጎመን የዋርፋሪንን ሥራ የሚቃወም ቫይታሚን ኬ በብዛት ስላለው፣ ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው በ55ቱ ቀን የዐቢይ ጾም ጎመን አብዝቶ በፋሲካ ድንገት ቢተው ደሙ አንዴ ይወፍራል፣ አንዴ ይቀጥናል፤ ስለዚህ ጎመንን መተው ሳይሆን ዓመቱን ሙሉ በተቀራራቢ መጠን መመገብ ይመከራል። ግሊቤንክላማይድ ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ የስኳር ታካሚ እስከ 9 ሰዓት ቢጾም ስኳሩ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል፤ ኮትሪሞክሳዞል፣ ፍሉኮናዞል ወይም ሲፕሮፍሎክሳሲን ሲጨመርበት ደግሞ አደጋው ይበረታል፤ በመሆኑም ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪሙንና የንስሐ አባቱን ማማከር አለበት። ሜትፎርሚን የሚወስድ የስኳር ታካሚ ዶሉቴግራቪር ሲጀምር የሜትፎርሚኑ መጠን በቀን ከ1000 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይደረጋል።

ከሊማሊሞ ቁልቁል ወደ ዛሪማና አዲ አርቃይ ቆላ ወርዶ ወባ የያዘው ሰው የሚወስደው ኮአርተም በ3 ቀን 6 ጊዜ የሚወሰድ ሲሆን፣ በደንብ ወደ ደም የሚገባው ቅባት ካለው ምግብ ጋር ነው፤ በጾም ቀን ዘይት ያለበት ሽሮ ወይም የኑግ ምግብ ይህን ሥራ ይሠራል። ሪፋምፒሲንና ኤፋቪረንዝ የኮአርተምን ኃይል ስለሚቀንሱ፣ እነዚህን የሚወስድ የወባ ታካሚ ለባለሙያው መንገር አለበት። ከሰሊጥ እርሻ ተመልሶ ለካላ አዛር የአንቲሞኒ መርፌ የሚወጋ ሰውም የልብ ምትን የሚነኩ ሌሎች መድኃኒቶች እንዳይደረቡበት የሚወስደውን ሁሉ ማሳወቅ ይኖርበታል።

ጠላ፣ ጠጅና አረቄ ከእንቅልፍ አምጪ፣ ከሚጥል በሽታና ከአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች ጋር ሲገናኙ ትንፋሽን እስከማዳከም ይደርሳሉ፤ ከቲቢ መድኃኒቶች ጋር ጉበትን፣ ከዲክሎፌናክ ጋር ጨጓራን ይጎዳሉ፤ የስኳር መድኃኒት በሚወስድ ሰው ላይም ስኳርን ያወርዳሉ። ሜትሮኒዳዞል የሚወስድ ሰውም እስኪጨርስና ከዚያ በኋላ ለ3 ቀን ከአልኮል እንዲታቀብ የመድኃኒቱ መመሪያ ያዝዛል። በስሜን ደጋ የሚበቅለው ኮሶ ብርቱ ማስታወክና ተቅማጥ ስለሚያመጣ፣ ጠዋት የተዋጠ መድኃኒት ሳይሠራ እንዲወጣ ከማድረጉም በላይ፣ ኢናላፕሪልና የሚያሸና መድኃኒት በሚወስድ ሰው ላይ የሰውነት ድርቀትን ከኩላሊት ጉዳት ጋር ያደርባል። ጸበልን በተመለከተም መድኃኒት ማቋረጥ አይገባም፤ ፓትርያርኩ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በዘመነ ፕትርክናቸው ጸበልና የኤች አይ ቪ መድኃኒት አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ አስተምረዋል። ፌኖባርቢታልን በድንገት መተው ደግሞ ተከታታይና ለሕይወት የሚያሰጋ መንቀጥቀጥን ሊያስነሣ ይችላል።

ደረጃ 7፦ በመድኃኒት ቤት መስኮት ምን እንደሚባል ማወቅ

ወደ ጤና ጣቢያ፣ ወደ ሆስፒታል ወይም ወደ መድኃኒት ቤት የሚሄድ ሰው መዝገቡን፣ ከተቻለም ፌስታሉን እንዳለ ይዞ መሄድ አለበት፤ ከሩቅ ቀበሌ በእግር ለሚመጣ ሰው ይህ ሁለተኛ መንገድ ያድነዋል። አዲስ መድኃኒት ሲሰጠው የሚያቀርባቸው ጥያቄዎች አራት ናቸው፦ አዲሱ ከቀድሞዎቹ ጋር ይስማማል ወይ፣ በስንት ሰዓት መለየት አለበት፣ ከምግብ በፊት ነው ወይስ በኋላ፣ የትኛው ምልክት ሲታይ ተመልሶ መምጣት ያስፈልጋል። ታካሚው ኤች አይ ቪን ወይም የአእምሮ ሕመምን በሰው ፊት መናገር ካፈረ ለብቻ ለመነጋገር መጠየቅ ይችላል፤ የተደበቀ መድኃኒት ግን ፋርማሲስቱ ሊከላከልለት የማይችለው መድኃኒት ነው።

ደረጃ 8፦ ምልክቱን ተከታትሎ በጊዜ መድረስ

አዲስ መድኃኒት በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ታካሚውን በቅርብ መከታተል የአስታማሚው ድርሻ ነው። ጥቁር ሰገራ፣ የማይቆም የድድ ወይም የአፍንጫ ደም፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ የሽንት መቀነስ፣ ራስ መሳት፣ የልብ ምት መዛባት፣ የሚጥል በሽታ መመለስ ወይም የፊትና የከንፈር ማበጥ ከታየ ታካሚው የመድኃኒት ፌስታሉን ይዞ ወደ ቅርቡ የጤና ተቋም ወዲያውኑ መወሰድ አለበት። ላብ፣ መንቀጥቀጥና የንግግር መዘበራረቅ የታየበት የስኳር ታካሚ መዋጥ ከቻለ በመንገድ ላይ ሳይሆን በዚያው በቤቱ ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ ይሰጠዋል። መድኃኒት ያደረሰውን ጉዳት ለኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነጻ የስልክ መስመር 8482 ማሳወቅ የሚቻል ሲሆን፣ የጤና ባለሙያዎችም ሪፖርቱን ይቀበላሉ።

ከዚህ ውጭ ግን ይህን መመሪያ አንብቦ የታዘዘን መድኃኒት በራስ ፈቃድ ማቆም ወይም መቀነስ ከመስተጋብሩ የባሰ አደጋ ሊያመጣ ይችላል፤ ብዙዎቹ መስተጋብሮች መጠንን፣ ሰዓትን ወይም አንዱን መድኃኒት በመለወጥ የሚፈቱ ናቸውና ውሳኔው የባለሙያው ነው። የታካሚው ድርሻ መዝገቡን ሕያው አድርጎ መጠበቅ ነው፦ አንድ መድኃኒት ሲጨመር ይጻፋል፣ ሲያበቃም ያበቃበት ቀን ተመዝግቦ ከፌስታሉ ይወጣል፤ የሪፋምፒሲን ምሳሌ እንዳሳየው የአንዱ ማብቃት የሌላውን መጠን ይለውጣልና። ወረቀቱ ከክትትል ካርዱ ጋር ታጥፎ ከተቀመጠ፣ ታካሚው ራሱን ስቶ በቃሬዛ ወደ ደባርቅ ቢወርድ እንኳ የሚወስደውን መድኃኒት በስሙና በመጠኑ የሚናገርለት ያ ወረቀት ይሆናል።